ከበቆሎ የተሠራው የሞተር ክንፍ

"ሞተር ለሴት አይሆንም" ያለኝ ሰው በሕይወቴ ሦስት ጊዜ አጋጥሞኛል። ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ። ሦስተኛው የአክስቴ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። በአገራችን ወግ አንቱ ልለው ይገባኛል፤ ፊት ለፊት ስንገናኝም አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አልልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በእግር ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቦታ ላይ፣ ወንዝ ዳር ያለች ማሳ አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በክረምት በቆሎ፣ በበጋ ሽንኩርት እያፈራረቀች ታለማታለች። ውሃ የምትስበው እሱ ትቶላት በሄደው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው። ዋርሳዋ ይችን ማሳ ከጥንትም ይመኛታል። "ሴት ብቻዋን ወንዝ ዳር ሞተር ስትጎትት ማየት ለዘመድም ነውር ነው። እኔ ልረሰውና እኩል እንካፈል" ይላል። አዛኝ ቅቤ አንጓች! አክስቴ እምቢ አለች። ክርክሩ ከርሞ ከርሞ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱንም ሰምተው አንድ ነገር ወሰኑ። ይህን በጋ ሽንኩርቱን አጠጥታ ካነሣች የመሬቱ ነገር ሁለተኛ አይነሣም። ከደረቀባት ግን ከመጪው ክረምት ጀምሮ ዋርሳዋ ያርሰዋል፣ እኩል ይካፈላሉ። እሱም እሷም በሥላሴ ስም ምለው ተነሡ።

እኩል ሲሉት ቀላል ይመስላል። መሬቱን አንዴ ለእሱ በሬዎች ከለቀቀች ግን ተመልሳ እንደማታገኘው አገር ያውቃል። ልጅ የላት፣ ደመወዝ የላት፤ ያለቻት ያቺ ማሳ ናት። መሬቱ ከሄደ በሰው ቤት ጥግ ተቀምጣ የሰው እጅ የምታይ አሮጊት ትሆናለች። እኔ ደግሞ እሷን እንዲያ ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ።

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ። የምትበልጠኝ በአሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ "እታለም" እያልኩ በአንቺ ነው የማናግራት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የማሽን ድሮዊንግ አስተምራለሁ። ድሮዊንግ አስተማሪ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ሥዕል የማስተምር ይመስለዋል። ይምሰለው።

ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት ሞተሩ ድንጋይ ሳበ። ወንዝ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ተቀዶ ኖሮ፣ ጠጠር ገብቶ ውስጡን አደቀቀው። ሞተሩ ይነሣል፣ ይጮኻል፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። አክስቴ በአህያ ጭና ቡሬ ወሰደችው። መካኒኩ ፈትቶ ሲያየው፣ ሆዱ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው የፕላስቲክ መዘውር ተሰባብሯል። ከአምስት ክንፎቹ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። መካኒኩ ኢምፔለር ይለዋል፤ አክስቴ ግን መዘውሩን በሙሉ ክንፉ ነው የምትለው። "ይህ ብቻውን አይሸጥም። ቢገኝ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል" አላት። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሽንኩርቱ ቢታገሥ ቢታገሥ አሥር ቀን ነው።

በማግስቱ የተሰበረውን በፌስታል ይዛ ኮሌጁ በር ላይ ቆመች። "አንቺ የማሽን ሰው አይደለሽ? በይ እንግዲህ" አለችኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

እውነት ለመናገር፣ ይህን የሚሠራ ማሽን እኛ ጋ ነበር፤ ተቆልፎበት። ስሪዲ ፕሪንተር ይባላል። ከመጣ ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይገለጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። እኔ አጠቃቀሙን ተምሬ የሠራሁበት ነገር ቢኖር ሁለት የቁልፍ መያዣ ነው። ቁልፉ በኮሌጁ ዲን እጅ ነው፤ ሄድኩ።

"ከተበላሸ ማን ይጠየቃል?" አሉኝ ዲኑ።

"እኔ።"

"በምንሽ?"

"በደመወዜ። ካልበቃ በጡረታዬ።"

"ለምንድን ነው የፈለግሽው?"

"ለመለማመድ" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። ፈርሜ ቁልፉን ወሰድኩ።

አክስቴ ማሽኑን ዙሪያውን አየችው። አራት ማዕዘን የብረት ፍሬም፣ ከታች ጠፍጣፋ መደብ፣ ከላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ትንሽ አፍንጫ። "ፕሪንተር ማለት የቀበሌ ደብዳቤ የሚያወጣው አይደለም እንዴ?" አለች። ነው፤ ዘመዱ ነው። የወረቀቱ ፕሪንተር አንዴ ቀለም አስቀምጦ ያልፋል። ቀለሙ ወፍራም ቢሆንና ያንኑ ገጽ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ቢያትመው፣ ፊደሉ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ እንደ ግድግዳ ይቆም ነበር። ይህኛው የሚያደርገው ያንን ነው፣ በቀለም ፈንታ በቀለጠ ፕላስቲክ።

ለተማሪዎቼም እንዲህ ነው የምነግራቸው። አናጺ እቃ የሚሠራው እየቀነሰ ነው። ግንድ ያመጣል፣ ይጠርባል፣ ይልጋል፣ ይሰረስራል፤ የማይፈለገው ተቀርፎ የተረፈው ሞፈር ይሆናል። ይህ ማሽን ግን የሚሠራው እየጨመረ ነው። ከባዶ መደብ ይነሣና፣ ከታች ወደ ላይ፣ በስሱ እየደረበ ይቆልላል።

"ጎታ ነዋ!" አለች አክስቴ።

ጎታ ማለት እህል የሚቀመጥበት፣ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚሠራ የሰው ቁመት የሚያክል ጎተራ ነው። በሰፈሯ ጎታ በመሥራት እሷን የሚያህል የለም። አንድ ዙር ጭቃ ታስቀምጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ሌላ ዙር ትደርባለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። እኔ ሦስት ወር ኮርስ የወሰድኩበትን ነገር እሷ ቆማ ባየችው ጊዜ ጨረሰችው።

መጀመሪያ መለካት ነው። ሁለት ክንፎች በመትረፋቸው ስፋታቸውን፣ ውፍረታቸውንና ጥምዘዛቸውን በካሊፐር ለካሁ፤ የጎደሉትን ሦስቱን ከነሱ ቀዳሁ። ኢንተርኔት ቢኖር ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥዕል እፈልግ ነበር፤ ኢንተርኔትም እንደ መንገዱ ዝግ ነበር። ስለዚህ ራሴ ኮምፒውተር ላይ ሣልኩት። ወረቀት ላይ እንደሚሣለው አይደለም፤ እያዞሩ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም የሚያዩት ነው። ይችን ክንፍ በዚህ አንግል ማስተካከል፣ እዚያ ማለስለስ ስል ጀምበር አዘቀዘቀች።

ቀጥሎ ሌላ ፕሮግራም ይመጣል፤ ሥራው መክተፍ ነው። የሣልኩትን ከታች እስከ ላይ አግድም ወደ ስስ ንጣዮች ይከትፈዋል። የአንዱ ንጣይ ውፍረት ሁለት ወረቀት ቢነባበር ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ንጣይ መንገድ ይጽፋል። ከዚህ ተነሥተህ እዚያ ድረስ ክር ልቀቅ፣ እዚህ ታጠፍ፣ እዚህ አቁም፣ አሁን ከፍ በል። ማሽኑ ራሱ ምንም አያውቅም። ክንፍ ይሥራ ጎታ ይሥራ አይገባውም፤ የተጻፈለትን መንገድ ይሄዳል፣ በቃ።

ክሩ ውፍረቱ የስንደዶ ያህል ነው፤ እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ይመጣል። ትንሽ ጥርስ ያለው መዘውር እየሳበ ወደ አፍንጫው ይገፋዋል። አፍንጫው ከሚፈላ ውሃ እጥፍ የሚሆን ሙቀት አለው። ክሩ እዚያ ይቀልጥና ከመርፌ ዓይን በጠበበች ቀዳዳ ይወጣል፤ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ይረጋል። አንዱ ንጣይ ሲያልቅ አፍንጫው በሁለት ወረቀት ውፍረት ከፍ ይላል፤ የሚቀጥለው በትኩሱ ከበታቹ ካለው ጋር ይጣበቃል። የእኛ ክንፍ ስምንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ኮምፒውተሩ ገመተ።

"ስምንት ሰዓት?" አለች አክስቴ። "ይች መዳፍ የማታክል?"

"ጎታስ ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ተይ እሺ፣ ነገር አታዙሪብኝ" ብላ ሳቀች።

የመጀመሪያው ክንፍ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጎኑ አፉን ከፈተ። ንጣዮቹ ተላቀቁ፤ በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ክሩን ለወጥኩ፣ ቁጥሮቹን ነካካሁ፣ ተቆጣሁ፣ ማሽኑን ሰደብኩት። አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆይታ ተነሣችና መስኮቱን ዘጋችው።

"በነፋስ ጎታ የሚሠራ ማን አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "የታችኛው ሳይጠና ቢደርቡበት ይናዳል። ጨርሶ ከደረቀ ደግሞ የላይኛው እምቢ ይላል፤ አይያዝም። አንቺ በነፋስ እያደረቅሽው ነው።"

ወርክሾፓችን ሙቀት ስለሚያፍን መስኮቱን ከፍቼ ነበር። ቀጥታ ማሽኑ ላይ ይነፍሳል። ወይ ጉድ! ማሽኑ የመጣበትን ካርቶን ከጥግ አንሥታ በሦስት በኩል ከለለችው። ኮርሱን የሰጡኝ ሰዎች ሰርተፊኬት ሰጥተውኛል፤ ይህን ግን አልነገሩኝም።

ሁለተኛው እየተሠራ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑ የት እንደቆመ ረስቶታል፤ ተጣለ። ሦስተኛው ተሳክቶ ወጣ። አክስቴ ግን አንሥታ በጥፍሯ ቆረቆረችው፤ "ባዶ ነው" አለች። ልክ ናት። ክርና ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ውስጡን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎ መሥራት የተለመደ ነው፤ ለቁልፍ መያዣ ይበቃል፣ ውሃ ለሚገፋ ክንፍ አይበቃም። ውስጡን እንዲሞላ አዝዤ አራተኛውን ሠራሁ። ይህኛው ሲቆረቆር ድምፁ ድፍን ነበር። ሦስት ቀን ሄዷል።

ጨርሼ ስሰጣት፣ ደስ እንዲላት ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩላት። "ታውቂያለሽ እታለም፣ ይህ ክር ከበቆሎ ነው የሚሠራው" አልኳት። እውነት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ የሚወጣው ከበቆሎ ስታርች ነው።

"ከእኛው በቆሎ?" አለች። ዓይኗ በራ። "እሰይ!"

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

በሁለተኛው ቀን ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። "ጠመመ" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ክንፉ። እንደ ሰም ተልፈሰፈሰና ጠመመ።"

መካኒኩ ለሥራ ወጥቶ ነበርና እስኪመለስ ቤቷ አቆይታዋለች። የት አቆየችው? ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ላይ ሰቅላው። በቡሬ አካባቢ ለዘር የሚቀመጥ በቆሎ እንዲያ ነው የሚደረገው። ምርጥ ምርጡ ከነሽፋኑ ተመርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭስ የጠገበውን ነቀዝ አይነካውም። "ከበቆሎ ነው አልሽኝ" አለች። "የበቆሎ ነገር ደግሞ ነቀዝ ይወዳል። ለፍተሽ የሠራሽው በነቀዝ እንዳይበላብኝ ብዬ ሰቀልኩት።"

ይህ ፕላስቲክ ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለመለስለስ ግን በጣም የሞቀ ሻይ ይበቃዋል። ይህን አልነገርኳትም። ስለ ክሩ ሁሉን አውርቼ ዋናውን ዘለልኩት። እኔም እኮ ያደግኩት ከምድጃ በላይ በተሰቀለ በቆሎ ሥር ነው፤ ከበቆሎ ነው ሲባል እሷ ምን እንደምታደርግ ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ስላት "ተይ፣ የማንም አይደለም፤ ስንት ቀን ቀረን?" አለችኝ። አራት ቀን ነበር የቀረን። እስከዚያው በየማለዳው በጀሪካን ከወንዙ እየቀዳች በእጇ ታጠጣ ነበር። ያን ሁሉ መደብ በጀሪካን! ትከሻዋ ላልቶ ሲያያት ዋርሳዋ አጥሩ ላይ ተደግፎ "አየሽ፣ ብዬሽ ነበር" ይላታል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ወሬው ኮሌጅም ደረሰ። የስታፍ ሻይ ቤት ስገባ አንዱ "የበቆሎ ክንፍሽ ነቀዝ በላው ወይ?" አለኝ፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ ሌላው። ቆምኩ። "እሷ የማታውቀውን ነገር በምታውቀው መንገድ ልትጠብቅ ሞከረች" አልኳቸው። "እናንተ የምታውቁትን ማሽን ጨርቅ አልብሳችሁ ትጠብቃላችሁ። የትኛው ነው የሚያስቀው?" ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ችግሩ ያ ወሬ ዲኑም ጆሮ መግባቱ ነው። በማግስቱ ጠሩኝ።

"የመንግሥት ንብረት ለሽንኩርት?" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን መጣ? ለፎቶ?"

"ሥርዓት አለ። ቁልፉን መልሺ።"

"ነገ እመልሳለሁ" አልኩና ወጣሁ። ቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄጄ፣ ካርቶኑን አቁሜ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ማሽኑን አስነሣሁት። በሩንም ከውስጥ ቆለፍኩት። አሁን ሳስበው እፈራለሁ፤ ያኔ ግን አልፈራሁም። ምን ያደርጉኛል? ከሥራ ያባርሩኝ እንደሆነ እንጂ፣ አክስቴን ከመሬቷ ከማስነሣት የሚከፋ ነገር አልታየኝም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። "ክፈቺ!" ዲኑ ናቸው።

"እየሠራ ነው። አሁን ከቆመ ይበላሻል፤ ክሩም የመንግሥት ንብረት ነው" አልኩ በበሩ ቀዳዳ። ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩላቸው፤ አሁን ስለ ራሴ ጀግንነት ላውራ ብል ያምርብኛል፣ ግን ከፈትኩላቸው። ሊቆጡ የገቡት ሰውዬ አፍንጫው ሲሄድ፣ ሲታጠፍ፣ ከፍ ሲል አዩ። ወንበር ሳቡ። "ይህ ክንፍ እንዴት ሳይደገፍ አየር ላይ ይወጣል?" ብለው ጠየቁኝ። ከታቹ ካለው በጥቂቱ ብቻ እያለፈ ስለሚሄድ ነው፤ የጎታ ሆድም ቀስ እያለ ነው የሚሰፋው፣ በአንዴ ከወጣ ይወድቃል፤ እንዲያ መሥራት ካልተቻለ ደግሞ በኋላ የሚነቀል ድጋፍ አብሮ ይሠራለታል አልኳቸው። ማሽኑ በእጃቸው ሥር ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሲሠራ ያዩት ያን ቀን ነው። እስኪያልቅ ድረስ አልተነሡም።

በነጋታው ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። እኔም ደብዳቤው እስኪደርሰኝ ድረስ ቁልፉን አልመለስኩም ነበርና ሁለት ተጨማሪ ክንፍ ሠርቼበታለሁ።

ሦስቱን ክንፎች በልብስ ጠቅልዬ፣ የጥዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩ። መስኮት በኩል ፀሐይ ስለነበር ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጃኬቴ ሸፈንኳቸው። መካኒኩ የአሮጌውን የብረት እምብርት አውጥቶ አዲሱ ላይ አጠበቀው። "ይህማ አሻንጉሊት ነው" አለ። አሻንጉሊቱን ገጠመው፤ ሄድን። አክስቴ ቱቦውን አዲስ ወንፊት አልብሳ ወንዝ ውስጥ ጣለችው፤ ገመዱን ሳበች። ሞተሩ ጮኸ። ትንሽ ጊዜ ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ ቱቦው እንደ እባብ ተላወሰና ውሃው ፈልቶ ወጣ። እልል አለች። እኔም እልል አልኩ፣ ድምፄ የሚያስጠላ ቢሆንም። ውሃው የደረሰለት የሽንኩርቱ ጫፍ ጫፍ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው፤ ደረሰለት ግን።

ያች ክንፍ ዘጠኝ ቀን ሠርታ ተሰበረች። ንጣዮቹ በተጣበቁበት በኩል ነው የተላቀቀችው፤ የዚህ ሥራ ድክመቱ እሱ ነው። አክስቴ መካኒክ አልጠራችም። ሲፈታ ሲገጥም አይታለችና ራሷ በቁልፍ ፈትታ፣ እምብርቱን ወደ አዲሱ አዛውራ፣ ሁለተኛዋን ገጠመች። ለእኔ ደወለችልኝ፤ ለማማከር አይደለም፣ ለመንገር ነው። ሁለተኛዋም ጊዜዋን ጠብቃ ተሰበረች። ሦስተኛዋ ላይ ሳለች ሽንኩርቱ ተነሣ። እኔ በበዓል ሄጄ አብሬ ለቀምኩ፤ እጄ ሳምንት ሙሉ ሸተተኝ።

አለቀ አይደል? አላለቀም። ዋርሳዋ ሽማግሌዎቹን መልሶ ሰበሰበ። የተባለው ራሷ ካነሣች ነበር፤ እሷ ግን ራሷ አላነሣችውም፤ የወንድሟ ልጅ ከከተማ በማሽን ረድታታለች፤ ስለዚህ ቃሉ አልሞላም አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጎልማሶቹ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "እሱም እውነት አለው" ሲል ሰማሁ። ልናገር ብድግ ስል አክስቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ዘንቢሏን ከፈተችና የተሰበሩትን ክንፎች ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። በመጀመሪያ የድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጭስ ያጣመመውን፣ ከዚያ የተላቀቁትን ሁለቱን።

"አባቶቼ፣ ይህ የመጀመሪያው ከባሌ እጅ የተረፈ ነው፤ ድንጋይ ሰበረው። ይህን እኔ በሞኝነቴ ምድጃ ላይ አጠመምኩት። እነዚህን ሁለቱን ውሃው ሰበራቸው። የዚች የወንድሜ ልጅ ማሽን አንዲትም ቀን ሽንኩርቴን አላጠጣልኝም። ማሽኗ ክንፍ ሠራ። ክንፉን የገጠምኩት እኔ፣ ገመዱን የሳብኩት እኔ፣ ውሃውን የመራሁት እኔ ነኝ። ዋርሳዬ በሬያቸውን ራሳቸው ወልደው ነው እንዴ የሚያርሱት?"

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም።

"እኔ አራት ጊዜ ተሰብሮብኝ አራት ጊዜ ተክቻለሁ። ዋርሳዬ በሥላሴ ስም የማሉት ቃል አንዲት ናት፤ እሷን ሰበሩ። እስቲ ይተኳትና ልያት።"

ከሁሉ የሚያንሱት ሽማግሌ መሬት መሬት አዩ። በዕድሜ የገፉት አባት በትራቸውን አስተካክለው "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አሉ፤ ቀጥለውም ወደ ዋርሳዋ ዞረው "ልጄ፣ ተነሥ። መሬቱ የእሷ ነው፤ ይህ ነገር በእኛ ፊት ዳግመኛ አይምጣ" አሉት። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ዋርሳዋ ጋቢውን ሰብስቦ መንገድ ሲጀምር አክስቴ ከኋላው ጠራችው። ቆመ።

"የእርስዎም ማሳ ወንዝ ዳር ነው" አለችው። "መጪው በጋ ውሃ ከፈለጉ ሞተር አለኝ። መጥተው ይጠይቁኝ።"